ሶሻል የተማረ ሰው በኮምፒውተር ደህንነት ሥራ ምን ይሠራል?



«ናቹራል ወይስ ሶሻል?» የሚለው ጥያቄ ሁለተኛ ደረጃ ላይ አንዴ ከተመለሰ በኋላ፣ ኮምፒውተር የነካ ነገር ሁሉ የናቹራሉ ድርሻ ይሆናል፤ ስለ ሰው የሚወራው ደግሞ ለሶሻሉ ይተዋል። ስለዚህ በሶሺዮሎጂ፣ በሳይኮሎጂ ወይም በኢኮኖሚክስ የተመረቀ ልጅ «ሳይበር ሴኩሪቲ ልገባ ነው» ሲል ቤተሰቡ ግራ ይገባዋል፣ ኮምፒውተር ሳይንስ የተማረው ጓደኛው ደግሞ ፈገግ ይላል። የዛሬው ዝግጅታችን ያ ፈገግታ ያለቦታው የመጣ መሆኑን ለማስረዳት ነው።

በመጀመሪያ ስለ ሥራው። የደህንነት መሐንዲስ የሚባለው ባለሙያ ኤቲኤሙ፣ የሞባይል ገንዘቡ፣ የሆስፒታሉ መዝገብ አጭበርባሪና ሌባ እየተፈራረቀባቸውም ሥራቸውን እንዲሠሩ አድርጎ የሚያዘጋጅ ሰው ነው። ድልድይ የሚሠራ መሐንዲስ ጎርፍና ክብደት ይገጥመዋል፤ ጎርፉ ግን ድልድዩን አጥንቶ፣ ደካማ ጎኑን መርጦ፣ ጠባቂውን አባብሎ አይመጣም። በዚህኛው ሥራ የሚመጣው እንዲህ ያለው ነው። ከውስጥ ያለው ደግሞ የሚደክመው፣ የሚረሳው፣ የሚያፍረውና ለዘመዱ የሚያዝነው ሰው ነው። በሁለቱም በኩል ሰው ካለ፣ ሰውን የሚያጠናው ትምህርት ከውጭ ሊቆም አይችልም።

ወደ ታሪኩ ከመግባቴ በፊት አንድ ማሳሰቢያ፦ የውጭ አገሩን ጉዳይ ስናነሣ ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ። የእኛ ሲሆን እነግራችኋለሁ።

በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ መጀመሪያ በእንግሊዝ ብዙ የባንክ ደንበኞች ካርዳችን ከኪሳችን ሳይወጣ ገንዘባችን ከሂሳባችን ወጥቷል ብለው ያመለክቱ ነበር። ባንኮቹ ማሽኑ አይሳሳትም፣ ወይ ራሳችሁ አውጥታችኋል ወይ ካርዱን ለሰው ሰጥታችኋል እያሉ ይመልሷቸው ነበር። በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ይመራመሩ የነበሩት ሮስ አንደርሰን ይህንን ነገር አገላብጠው መረመሩና በ1993 አንድ ጽሑፍ አወጡ። ያኔ ሁሉም የሚያስበው ሌባ ካለ የባንኩን ሚስጥራዊ ስሌት የሰበረ የሒሳብ ሊቅ መሆን አለበት ብሎ ነበር። አንደርሰን ያገኙት ግን ሌላ ነው። ስሌቱን የሰበረው ሰው የለም ማለት ይቻላል። ገንዘቡ የወጣው በሠራተኛ እጅ፣ በአሠራር ዝርክርክነትና በቀላል ብልጠት ነበር። ለምሳሌ አንዱ ሌባ ወረፋ ላይ ቆሞ ሰው ሚስጥር ቁጥሩን ሲነካ አሻግሮ ያያል። ሰውየው ደረሰኙን ጥሎ ሲሄድ ያነሣዋል። ደረሰኙ ላይ የሂሳብ ቁጥሩ ሙሉውን ተጽፏል። ያንን ባዶ ካርድ ላይ ይገለብጠዋል፤ አለቀ።

ከእነዚህ ታሪኮች እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ የካርቶኗ ነገር ነው። አንድ ባንክ ደንበኞቹ ሚስጥር ቁጥራቸውን እንዳይረሱ ብሎ አንዲት ትንሽ ካርቶን ሰጣቸው። ካርቶኗ ላይ አራት ረድፍ አለ፤ በእያንዳንዱ ረድፍ አሥር ባዶ ሳጥን። ደንበኛው አራት ፊደል ያለው አንድ ቃል ይመርጣል። ቁጥሩ 2256 ነው እንበል። የቃሉን የመጀመሪያ ፊደል በአንደኛው ረድፍ ሁለተኛው ሳጥን ላይ ይጽፋል፤ ሁለተኛውን ፊደል በሁለተኛው ረድፍ ሁለተኛው ሳጥን፣ ሦስተኛውን ደግሞ በሦስተኛው ረድፍ አምስተኛው ሳጥን ላይ፤ የመጨረሻው ፊደል በአራተኛው ረድፍ ስድስተኛው ላይ ይገባል። የቀሩትን ሳጥኖች እንዳሻው ፊደል ይሞላቸዋል። ሲያዩት የተደበላለቀ ፊደል ብቻ ነው፤ ቁጥሩ የተደበቀ ይመስላል።

ሌባው ካርዱንና ካርቶኗን አብሮ ቢያገኝስ? ከየረድፉ አንዳንድ ፊደል እየወሰደ ትርጉም ያለው ቃል ይፈልጋል። ሰው እንዳሻው የጻፋቸው ፊደላት እንግሊዝኛ ቃል ሆነው የሚገጣጠሙት ከስንት አንዴ ስለሆነ፣ የሚያገኘው ሁለት ደርዘን ያህል ቃል ብቻ ነው። ማሽኑ ሦስት ጊዜ መሞከር ይፈቅድለታል። በግምት ቢሞክር ከሦስት ሺህ ምናምን አንድ የነበረው ዕድሉ በካርቶኗ እርዳታ ከስምንት አንድ ሆነለት። ካርቶኗን ያዘጋጁት ሰዎች ሰነፎች አልነበሩም። ሰው «የመጣልህን ጻፍ» ሲባል ምን እንደሚጽፍ፣ ይህችን ወረቀት ከኤቲኤም ካርዱ ጋር አንድ ቦርሳ ውስጥ እንደሚከታት የጠየቀ ግን አልነበረም። ይህን መጠየቅ የሳይኮሎጂ ተማሪ የየዕለት ሥራ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ደግሞ የኢኮኖሚክስ ጉዳይ ነው። በአሜሪካ በባንክና በደንበኛ መካከል እንዲህ ያለ ክርክር ሲነሣ፣ ደንበኛው መዋሸቱን ማስረዳት ያለበት ባንኩ ነበር። በእንግሊዝ ሸክሙ በተግባር በደንበኛው ላይ ወደቀ። እንግዲህ የእንግሊዝ ባንኮች ከኪሳቸው ስለማይወጣ ይበልጥ የተጠበቁ ይሆናሉ ብሎ የሚያስብ ይኖራል። የሆነው ተቃራኒው ነው። የአሜሪካ ባንኮች ለጥበቃ ምናልባትም ያነሰ ገንዘብ እያወጡ ያነሰ ማጭበርበር ገጠማቸው። ኪሳራው የራሳቸው ስለነበር ገንዘቡን በሚጠቅም ቦታ ላይ አዋሉት። በእንግሊዝ ግን አቤቱታ የሚያቀርበው ሁሉ እንደ ውሸታም ስለሚታይ፣ በማሽኑ በኩል ያለው ቀዳዳ ሳይደፈን ቆየ። አንድ ፖሊስ ያላወጣሁት 460 ፓውንድ ከሂሳቤ ወጥቷል ብሎ ስላመለከተ፣ ራሱ በማጭበርበር ሙከራ ተከሶ ተፈርዶበታል። በይግባኝ ነፃ የወጣው በ1996 ነው።

አንደርሰን በ2001 ይህን ሐሳብ አስፍተው አንድ ጽሑፍ አሳተሙ። ቁም ነገሩ አንድ ሥርዓት የሚደክመው ብዙ ጊዜ እሱን መጠበቅ የሚችለው ወገን ሌላ፣ ሲሰበር የሚከስረው ወገን ሌላ ሲሆን ነው የሚል ነው። በዓመቱ ኢኮኖሚስቶችና የኮምፒውተር ሰዎች በበርክሌይ ተሰብስበው በዚሁ ላይ መምከር ጀመሩ። አንደርሰን በ2024 አርፈዋል። የደህንነት ምህንድስናን የሚያስተምረው ትልቁ መጽሐፋቸው ሦስት ጊዜ ታትሟል፤ ሳይኮሎጂና ኢኮኖሚክስ በመጽሐፉ ውስጥ የየራሳቸው ምዕራፍ አላቸው።

አሁን ወደ ፓስወርድ እንለፍ። እዚህ ላይ ስማቸውን መያዝ ያለባችሁ ሴት አንጄላ ሳሴ ናቸው። ጀርመናዊት ሲሆኑ መጀመሪያ የተማሩት ሳይኮሎጂ ነው፤ ዶክትሬታቸውን በኮምፒውተር ሳይንስ ሠሩ፣ ለረጅም ጊዜም በለንደን አስተምረዋል። በ1999 ከአን አዳምስ ጋር ሆነው ያወጡት ጥናት ርዕሱ ራሱ ክርክር ነበር፤ ተጠቃሚው ጠላት አይደለም የሚል። በዚያን ጊዜ የደህንነት ክፍሎች ሠራተኛው ግድየለሽ ነው፣ ፓስወርዱን ወረቀት ላይ ይጽፋል፣ ለባልደረባው ይናገራል እያሉ ያማርሩ ነበር። ሁለቱ ሴቶች ሄደው ሠራተኛውን ጠየቁት። ለካ ሰውየው ብዙ ፓስወርድ ተሸክሟል፣ በየጊዜውም ቀይር ይባላል። ለምን እንደሚቀይረው ግን የነገረው የለም። ምክንያቱን ስላልነገሩት የትኛው መረጃ አስጊ እንደሆነ በራሱ ግምት ይወስናል፤ ግምቱም ብዙ ጊዜ ስህተት ነው። ግድየለሽነት ተብሎ የተመዘገበው ነገር የአሠራሩ ውጤት ሆኖ ተገኘ።

በዚያው ዓመት አልማ ዊተንና ዳግ ታይገር የተባሉ ተመራማሪዎች ኢሜይል የሚቆልፍ አንድ የታወቀ ፕሮግራም ለ12 ሰዎች ሰጥተው፣ በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ መልእክት በሚስጥር እንዲልኩ ጠየቋቸው። ሥራውን በትክክል የጨረሱት ሲሶዎቹ ብቻ ነበሩ። ሦስቱ ሚስጥሩን ሳይቆልፉ እንዲሁ ላኩት። ችግሩ የፕሮግራሙ ሒሳብ አልነበረም።

ፓስወርድ ቀይሩ የሚለው ትእዛዝ ግን ለብዙ ዓመታት ቀጠለ። እኛ ቢሮ ውስጥ የምናውቀውም እሱን ነው፤ በየሦስት ወሩ መልእክቱ ይመጣል፣ «ሰላም1» የነበረው «ሰላም2» ይሆናል። በ2010 የሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሺህ የሚቆጠሩ የቆዩ አካውንቶችን ወስደው፣ የድሮውን ፓስወርድ የሚያውቅ ሰው አዲሱን መገመት ይችል እንደሆነ ፈተሹ። ከመቶ 17 የሚሆኑት ላይ ከአምስት የማይበልጥ ግምት በቂ ነበር። የአሜሪካ የደረጃዎች ተቋም በ2017 መመሪያውን ሲያሻሽል፣ ያለ ምክንያት በየጊዜው ቀይሩ ማለት ይቅር አለ። ያንን ምክር በ2003 የጻፉት ሰውም በጻፉት ብዙ ነገር መጸጸታቸውን ለጋዜጣ ተናግረዋል። መመሪያ የሚጽፍ ሁሉ እንዲህ ቢያደርግ ደግ ነበር።

(አጭር ሙዚቃ)

አድማጮቻችን፣ ወደ ራሳችን ሰፈር እንምጣ። ቴሌብር ሥራ የጀመረው በእኛ አቆጣጠር በግንቦት 2013 ነው። ከዚያ ወዲህ በየሰፈሩ ሱቅ የሚታየውን ታውቁታላችሁ። አንዲት እናት ስልካቸውን ለባለሱቁ ልጅ ይዘረጋሉ። «እስቲ አስገባልኝ የኔ ልጅ፤ ሚስጥሯ የትንሿ ልጄ የልደት ዓመት ናት» ብለው ቁጥሩን ጮክ አድርገው ይጠራሉ። ከኋላ ዳቦ ሊገዛ የቆመው ሁሉ ይሰማል።

ኢንጂነሩ ይህን ሲያይ ደንብ ተጣሰ ይላል። ልክ ነው፣ ተጥሷል። ቀጥሎም ሚስጥር ቁጥርዎን ለማንም አይንገሩ የሚል መልእክት ይልክላቸዋል፤ ያንንም መልእክት የሚያነብላቸው ያው ባለሱቁ ልጅ ነው። አንትሮፖሎጂ የተማረው ግን እዚያው ሱቅ ደጃፍ ቁጭ ብሎ ቢውል ሌላ ነገር ይመዘግባል። ስክሪኑ ላይ ያለው ጽሑፍ ለዓይናቸው ደቃቅ ነው። ስልኩ የቤቱ ሁሉ ነው። ልጁን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያውቁታል፤ ቁጥሩን ቢደብቁት አላመንኩህም እንደማለት ይሆንባቸዋል። ሳሴና ባልደረቦቻቸውም በኋላ ባደረጓቸው ጥናቶች በአውሮፓ ቢሮዎች ውስጥ ይህንኑ ሰምተዋል፤ ፓስወርዱን የሚደብቅ ባልደረባ ተጠራጣሪ ተብሎ ይታያል። ስለዚህ ከሱቁ ደጃፍ የሚመለሰው አጥኚ ከማስጠንቀቂያ ሌላ ሐሳብ ይዞ ይመጣል። ረዳት መኖሩን ተቀብለን፣ ረዳቱ ከተወሰነ ብር በላይ ማንቀሳቀስ የማይችልበት መንገድ ብንሠራስ? ገንዘቡ ከመላኩ በፊት የተቀባዩ ስምና መጠኑ በድምፅ ቢነበብስ? ኮዱን የሚጽፈው መሐንዲሱ ነው፤ ምን እንደሚጻፍ የተገኘው ግን ከሱቁ ነው።

የስልክ አጭበርባሪውንም እንደዚሁ ተመልከቱት። «ሄሎ እማማ፣ ከዋናው መሥሪያ ቤት ነው የምደውለው። ሽልማት ደርሶዎታል፤ አሥር ደቂቃ ነው የቀረው። አሁን በስልክዎ የገባውን ኮድ ያንብቡልኝ።» አሜሪካዊው የሳይኮሎጂ ምሁር ሮበርት ቻልዲኒ በ1984 ባወጡት መጽሐፍ ሰው የሚታለልባቸውን በሮች ዘርዝረዋል፤ የሥልጣን ድምፅና የሚያመልጥ ዕድል ከእነሱ ውስጥ ናቸው። ደዋዩ መጽሐፉን አላነበበም፤ በልምድ ደርሶበታል። እኔ የምጨምርበት አንድ ነገር አለ። በእኛ አገር በሰላምታ የጀመረን ሰው ጆሮ ላይ ስልክ መዝጋት ነውር ነው፤ ለትልልቅ ሰዎች ደግሞ የባሰ ነው። «ዝጉት» የሚለው ምክር የማይሠራውም ለዚህ ይመስለኛል። ከዚህ ይልቅ «የገንዘብ ነገር ልጄ ነው የሚጠየቀው፤ ማታ ደውል» የሚል ጨዋ መልስ ብናስጠናቸው ሳያፍሩ ያመልጣሉ።

ከሁሉም የከበደ ትምህርት የተገኘው ግን መጋቢት 6 ለ7 ሌሊት 2016 ዓ.ም. ነው። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ተዛብቶ፣ ደንበኞች ሂሳባቸው ውስጥ ካለው በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው በመልእክት መለዋወጫዎች ተሰራጨ፤ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ባሉ ኤቲኤሞች ሰልፍ ተሠራ። ባንኩ የሳይበር ጥቃት እንዳልደረሰበት አስታውቋል፤ ካወጡት አብዛኞቹ ተማሪዎች መሆናቸውንም የባንኩ ፕሬዚዳንት በወቅቱ ገልጸዋል። ስለዚህ ሰባሪ ሌባ አልነበረም። የነበሩት አብዛኞቹ ምናልባት የሰው ኪስ ገብተው የማያውቁ ልጆች ናቸው።

ይህን የሚያስረዳ፣ የግል ኮምፒውተር ገበያ ላይ ከመውጣቱ በፊት የተጻፈ የሶሺዮሎጂ ሥራ አለ። ግሬሻም ሳይክስና ዴቪድ ማትዛ በ1957 ወጣት ጥፋተኞች ሕጉን ጨርሰው ንቀው እንዳልሆነ፣ ለዚያች ሰዓት ኅሊናቸውን የሚያሳርፉበት ምክንያት እንደሚያበጁ ጻፉ። ማንም አልተጎዳም። ጥፋቱ የኔ አይደለም። የሚወቅሱኝ ራሳቸው የባሱ ናቸው። እኩለ ሌሊት ላይ በዶርም ውስጥ ምን ሊባል እንደሚችል ገምቱት፤ ማሽኑ ራሱ ሰጠኝ፣ ባንኩ ሀብታም ነው፣ ሁሉም ወስዷል።

ይህን ያወቀ የደህንነት ቡድን ሁለት ነገር ይሠራል። አንደኛው ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ አንድ ግቢ ውስጥ ገንዘብ የሚያወጣው ሰው ቁጥር ከወትሮው ሲያሻቅብ የሚጮህ ማንቂያ ነው። ሁለተኛው መመለሻ ነው። ባንኩ በፈቃዱ የመለሰ በወንጀል አይጠየቅም ማለቱ ብልህ እርምጃ ነበር፤ ሰው ወደ ቀድሞ ማንነቱ የሚመለስበትን በር ከፈተ። ያልመለሱትን ስምና ፎቶግራፍ ይፋ ማድረጉን ግን እኔ ብዙም አልወደድኩትም። ኀፍረት ጉልበት አለው፤ ነገር ግን የሚያርፈው ወላጆችና እኅት ወንድሞች ላይም ጭምር ነው፣ በስህተት የተጻፈ ስም ቢኖር ደግሞ የሚያጸዳው የለም።

ታዲያ ሥራው የት ነው? ባንኮች፣ የቴሌኮም ድርጅቶች፣ የሞባይል ገንዘብ አቅራቢዎችና መንግሥታዊ ተቋማት የማጭበርበር ትንተና፣ የስጋት ግምገማ፣ የተጠቃሚ ጥናት፣ የሠራተኛ ሥልጠና አላቸው። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጁ ከወጣ ቆይቷል፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጁም በ2016 ዓ.ም. ጸድቋል፤ ሕግ የተማሩትም በዚህ በኩል ይገባሉ። እርግጥ ማስታወቂያው «የኮምፒውተር ዲግሪ» ይላል። ስለዚህ አልሸነግላችሁም፤ በቃላት ብቻ የሚገባበት ሥራ አይደለም። ኔትወርክ እንዴት እንደሚሠራ፣ ሊኑክስን፣ ትንሽ ፓይተንን፣ የሲስተም ሎግ ማንበብን መማር ግድ ነው። ስታቲስቲክሱን ሶሻል ላይም ተምራችሁታል፤ አትጣሉት። ቃለ መጠይቅ ማድረግ፣ ሰው እንዳይደነግጥ አድርጎ ስህተቱን እንዲናገር ማስቻል ደግሞ ኮምፒውተር ሳይንስ ክፍል ውስጥ እምብዛም የማይሰጥ ሙያ ነው።

ይህ ሙያ ሲጎድል ምን እንደሚሆን ጎዳዲ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ2020 መጨረሻ አሳይቷል። ሠራተኞቹን ለመፈተን 650 ዶላር የበዓል ጉርሻ የሚል የውሸት ኢሜይል ላከ፤ ያውም በኮሮናው ዓመት። ወደ 500 የሚጠጉ ሠራተኞች ተታለሉ። ኩባንያው በመጨረሻ ይቅርታ ጠየቀ። ፈተናው በቴክኒክ የተዋጣለት ነበር። ከዚያ ወዲያ አጠራጣሪ ነገር ያየ ሠራተኛ ለዚያ የደህንነት ክፍል ደውሎ ለመናገር ምን ያህል ልቡ ይፈቅድለታል? ይህን አስቀድሞ የሚጠይቅ አንድ ሰው ስብሰባው ውስጥ ቢኖር ኖሮ ኢሜይሉ አይላክም ነበር።

የመጨረሻው ነጥቤ ገና ክርክር ላይ ያለ ነው። አንድ ሰው ተታልሎ፣ በገዛ እጁ ሚስጥር ቁጥሩን አስገብቶ ገንዘቡን ለአጭበርባሪ ቢልክ ኪሳራው የማን ነው? እንግሊዝ ከጥቅምት 2024 ጀምሮ በአገር ውስጥ በባንክ ዝውውር ለተታለሉ ደንበኞች እስከ 85,000 ፓውንድ እንዲመለስ አስገድዳለች። ወጪውን የላከው ባንክና የተቀበለው ባንክ እኩል ይካፈሉታል። ቀደም ሲል ተቀባዩ ባንክ የአጭበርባሪውን ሂሳብ በደንብ የሚመረምርበት ብዙ ምክንያት አልነበረውም፤ አሁን ግማሹ ኪሳራ የሱ ነው። በእኛም አገር የሞባይል ገንዘብ በተስፋፋ ቁጥር ይህ ጥያቄ ጠረጴዛ ላይ መውጣቱ አይቀርም። ኢኮኖሚክስ ወይም ሕግ ለምትማሩ አድማጮቻችን የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ፍለጋ ላይ ከሆናችሁ፣ ከዚህ የተሻለ አላውቅም።